ፉሪ ላይ የታደሰ ቤት ሲሸጥ ገዢው ምን ይመልከት?

ከአዲስ አበባ ዳር፣ በለቡና በሀና ማርያም በኩል ወደ ፉሪ ወጥቶ ቤት ለሚያፈላልግ ሰው፣ ደላሎች የሚያሳዩት አብዛኛው ቤት ለገበያ ሲባል የታደሰ ነው። ግድግዳው በጂብሰም ተለስኗል፣ ወለሉ ፖርሴሊን ተነጥፎበታል፣ የድሮው የብረት መስኮት ወጥቶ አልሙኒየም ገብቷል፣ ግቢው ኮብልስቶን ለብሷል። ዓይን ይስባል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጠራል። ገዢው ሳሎኑንና ወጥ ቤቱን ሲያይ ይውልና ቀብድ ይከፍላል። ሰው በቤት ግዢ ዕድሜ ልክ ያጠራቀመውን የሚያጣው ግን በቀለም ጉድለት አይደለም። የሚያጣው በይዞታው ሰነድ፣ ከቤቱ ሥር ባለው አፈርና ቤቱ ለወንዝ ባለው ቅርበት ነው፤ እነዚህን ደግሞ የትኛውም እድሳት አይነካቸውም።

የታደሰው ቤት ለምን በዳር ሰፈር እንደሚበዛ አስቀድመን እንይ። ኒውዮርክን በመሰሉ ከተሞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ አፓርታማ በዕድሜው ምክንያት ይወደዳል፤ ወፍራም ግድግዳውና ከፍ ያለ ጣሪያው ዋጋ አለው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ገበያ የለም ማለት ይቻላል። ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠሩት የአዲስ አበባ ቤቶች በብዛት ፒያሳና አካባቢው ነበሩ፤ በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ብዙዎቹ ወደ ቀበሌና ወደ ኪራይ ቤቶች ገቡ። ከዚያ ወዲያ የሚያድሳቸውም የሚሸጣቸውም ባለቤት አልነበራቸውም። በ2016 ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የፒያሳ ነባር ቤቶች ፈረሱ። ስለዚህ ለሽያጭ የሚወጣ የታደሰ ቤት የሚገኘው በአብዛኛው እንደ ፉሪ ባሉ፣ ከተማው በቅርብ ዓመታት በደረሰባቸው ዳር ሰፈሮች ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገዢው በሕግ የሚገዛው ቤቱን ነው፤ ቦታውን የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ይተላለፋል። የሚከፍለው ዋጋ ግን በዋናነት ስለ ቦታው ነው፦ ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ከአስፋልት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያለው መሆን አለመሆኑ። ካርታ ከሌለ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ገዢው የያዘው ብሎኬትና ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ፉሪ ላይ ይህ ነገር ከሌላው ሰፈር ይበልጥ ይከብዳል። ቦታው የአዲስ አበባና የኦሮሚያ መገናኛ ላይ ነው። ሁለቱ አስተዳደሮች በ2014 ክረምት የወሰን ስምምነት ላይ ደረሱ፤ በ2015 ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎች ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲመሠረት ፉሪ ከ12ቱ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሆነ። ስለዚህ ገዢው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ቤቱ ዛሬ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነና ሰነዱን የሰጠው ማን እንደሆነ ነው። የቆየ የቀበሌ ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ ከገበሬ ጋር በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ውል፣ ሁሉም የሻጩን ታሪክ ይናገራሉ እንጂ አንዳቸውም የይዞታ ማረጋገጫ አይደሉም። በዚያው በ2015 በሸገር ከተማ ሕገወጥ ግንባታ ናቸው ተብለው ብዙ ሺህ ቤቶች ፈርሰዋል። ዕቁብ ጥለው፣ ከዐረብ አገር የተላከ ገንዘብ አጠራቅመው የገዙ ቤተሰቦች ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ያ እንዳይደገም የምመኘውን ያህል፣ ገዢ ሁሉ ሊደገም እንደሚችል አስቦ እንዲገዛ እመክራለሁ።

የካርታውን ፎቶ ኮፒ ከሻጩ ተቀብሎ ማንበብ አይበቃም። ማኅደሩ ያለበት የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ካርታው ከማኅደሩ ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ቤቱ በባንክ ዋስትና የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ አለመሆኑን በዕዳና እገዳ ማጣሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። እድሳቱ ክፍል ጨምሮ ከሆነ ደግሞ ለተጨመረው የግንባታ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ሰርቪስ ቤት ካርታው ላይ አይታይምና ስም ሲዛወር ጣጣ ያመጣል። ሌላም ብዙ ገዢ የማያውቀው ነጥብ አለ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በአንቀጽ 6 እንደደነገገው፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። የመኖሪያ ሊዝ እስከ 99 ዓመት ይደርሳል፤ ክፍያው ግን የገዢው ነውና ከቤቱ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

ከሰነዱ ወደ ቤቱ ስንመጣ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ይቀድማል። የፉሪ ተራራ ራሱ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ነው፤ ዳገቱ ላይ ድንጋዩ ቅርብ ነው። ሜዳው ላይ ግን መረሬ አፈር በብዛት አለ። መረሬ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነ ቤትም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ጂብሰም ስንጥቁን ለጥቂት ወራት ይሸፍነዋል። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን በሰያፍ የሚነሳ ቀጭን መስመር ካለ፣ በሩ ሲዘጋ ወለሉን የሚፋቅ ከሆነ፣ የግቢው አጥር ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ መሐንዲስ ሳያየው አይገዛ። ሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ቤት እንደ ብሎኬት ሆኖ ሊሸጥ ስለሚችል ሰወር ካለ ቦታ ልስኑን ትንሽ ማስፋቅ፣ ቢያንስ የማብሪያ ማጥፊያውን ክዳን አስፈትቶ ውስጡን ማየት ጥሩ ነው። ውኃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንዳለና መምጠጫ መኪና ይደርስበት እንደሆነ መጠየቅም አይረሳ።

ሌላ አገር ውኃ ዳር መኖር ዋጋ ይጨምራል። እዚህ ወንዝ ዳር ሲባል ነገሩ ሌላ ነው። ትንሹ አቃቂ የከተማውን ምዕራብ አቋርጦ፣ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ ወደ እርሱ የሚገቡት ጅረቶችም በጋ ላይ ደረቅ ቦይ ይመስላሉ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ በአንድ ሌሊት ይሞላቸዋል። ከወንዝ ዳር መተው ያለበት ርቀት ደግሞ በፕላን የተወሰነ ስለሆነ፣ እዚያ ውስጥ የገባ ቤት ለልማት ሲፈለግ ቀድሞ የሚነሳው እርሱ ነው። በጋ ላይ ቤት የሚያይ ሰው የጎረቤት አዛውንት ዘንድ ጎራ ብሎ «እማማ፣ ክረምት ላይ ውኃው እስከ የት ይደርሳል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ደላላው የማይነግረውን ይነግሩታል። ቢቻል ግን ከከባድ ዝናብ ማግሥት ተመልሶ በዓይን ማየት ይሻላል።

ሁሉም ካማረ በኋላ ውል ይመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ያዛል፤ ደላላ ቢሮ የተፈረመው ወረቀት ይህን አያሟላም። ቀብድ ከተከፈለ፣ ገዢው ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ ሻጩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ቤቱ የጋራ እንደሆነ ይገመታልና ባልም ሚስትም ይፈርሙ። ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾች ሁሉ መፈረም አለባቸው። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ወኪሉ ቤት ለመሸጥ የሚያስችል ልዩ ውክልና መያዙን፣ ውክልናውም አለመሻሩን ማጣራት ግድ ነው።

ቀረጥ ለመቀነስ ሲባል ውሉ ላይ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ የመጻፍ ልማድ ተስፋፍቷል። ሽያጩ ነገ ቢፈርስ ገዢው ይመለስልኝ የሚለው ውሉ ላይ ያለውን ገንዘብ ነው፤ ከዚያ በላይ ከፍያለሁ ብሎ ማስረዳት እጅግ ይከብዳል። እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ፣ ክፍያው በባንክ ይለፍ። ለስም ማዛወር የሚከፈለው የ2 በመቶ የቴምብር ቀረጥና የሻጩ የዋጋ ዕድገት ግብር በማን እንደሚሸፈን አስቀድሞ ይስማሙበት። ከዋጋው ላይም ትንሽ የማይባል ገንዘብ ካርታው በገዢው ስም እስኪወጣ ድረስ ሳይከፈል እንዲቆይ ውሉ ላይ ይስፈር፤ ይህን አልቀበልም የሚል ሻጭ ካጋጠመ ምክንያቱን አጥብቆ መጠየቅ ነው።