ራሱን ያጣጠፈ ጭራ

የተርኒፕ ቢጫ ሞዛይክ ቫይረስ ጎመንና ዘመዶቹን ያጠቃል። ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምቱት ቅጠል የሚበሉ ትናንሽ ጥንዚዛዎች ናቸው፤ የያዘው ቅጠል ቢጫና አረንጓዴ ዥጉርጉር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1949 ማርካምና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ካምብሪጅ ላይ ቫይረሱን አጣርተው ሁለት ዓይነት ቅንጣት አገኙ፦ አንዱ አርኤንኤ የያዘ፣ ሌላው ባዶ ቅርፊት። ተክል የሚያሳምመው አርኤንኤ ያለው ብቻ ነበር።

ይህ አርኤንኤ 6,300 ያህል ፊደላት ያሉት አንድ ክር ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ክሩን ከራሱ ወደ ጭራው ያነባል፤ ቅጂ የሚያወጣው ኢንዛይም ደግሞ ከጭራው ተነሥቶ ወደ ራሱ ይጓዛል። አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ድልድይ ላይ ከሁለት ወገን እንደመግባት ነው።

ተራ የሚያስጠብቀው፣ እንደሚመስለው፣ ጭራው ነው። የመጨረሻዎቹ 80 ያህል ፊደላት ተጣጥፈው፣ አሚኖ አሲድ ወደ ራይቦዞም የሚያመላልሰውን የሕዋስ አርኤንኤ ይመስላሉ። ማስመሰሉም ላይ ላዩን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ የሕዋስ ኢንዛይም ተታሎ ቫሊን የተባለውን አሚኖ አሲድ ይለጥፍበታል። ቫሊን ካገኘ በኋላ አሚኖ አሲድ የተሸከመ አርኤንኤ ላይ የሚያርፈው የሕዋስ ፕሮቲን ይህንንም ጭራ ይይዘዋል። በቤተ ሙከራ እንደታየው፣ ጭራው ሲያዝ ቅጂው ይታገዳል፤ የፕሮቲን ሥራው ግን ይበረታል። ቀድሞ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፤ ገልባጩን ኢንዛይም የሚወልደው ራሱ ንባቡ ነውና። ኢንዛይሙ ሲበራከት፣ በክሎሮፕላስት ሽፋን ላይ በሚፈጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ቅጂው ይጀምራል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የጭራው የክሪስታል ምስል ነው። ከውጭ ሲታይ ቁርጥ የሕዋሱን አርኤንኤ ነው፤ ቅርጹን አጥብቀው የያዙት የውስጥ ማሰሪያዎች ግን ፈጽሞ ሌሎች ናቸው። እነዚህ ማሰሪያዎች ሊፈቱም ስለሚችሉ ጭራው ቅርጽ ይለውጣል።

ዘዴው የዚህ ቫይረስ ብቻ አይደለም። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ጭራ ሂስቲዲን፣ የብሮም ሞዛይክ ቫይረስ ጭራ ደግሞ ታይሮሲን ይሸከማል። በብሮሙ ግን ያው ጭራ ቅጂን ያስጀምራል፤ ገልባጩ ኢንዛይም የሚጠራው ከዚያ በሚወጣ አንድ ቅርንጫፍ ነው።