ምዕራፍ 6፦ ሥር የሌለው ቡቃያ

የቤት ውስጥ ዘንባባን ስለማራባት የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ከግርጌው የበቀለውን ቡቃያ ቁረጡ፣ ውኃ ውስጥ አስቀምጡ፣ ታገሡ። ይህ ምክር ለፖቶስ ይሠራል። ዘንባባ ግን የሌላ ወገን ነው። ጽጌረዳን ብንወስድ ከልጧ ሥር ዘወትር የሚከፋፈሉ ሕዋሳት ያሉበት ስስ ንብርብር አላት፤ ቁስሏ የሚሽረውም፣ የተቆረጠው ቅርንጫፏ አዲስ ሥር የሚያወጣውም በዚሁ አካባቢ ነው። ዘንባባ ይህ ንብርብር የለውም። ሥሮቹ የሚመነጩት ግንዱ አፈር ከሚነካበት ከግርጌው ነው። ከዚያ በላይ የተቆረጠ ቡቃያ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ቢቆይ ያከማቸውን እየጨረሰ ነው፤ ባለቤቱ ግን «ያዘልኝ» ብሎ ይደሰታል። ስለዚህ ቡቃያ ለመነጠል ደርሷል የሚባለው በቁመቱ ወይም በቅጠሉ ብዛት ሳይሆን የራሱን ሥር ሲያበጅ ነው።

ይህን ከእንሰት ገበሬ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። እንሰት እንዲሁ ቢተዉት ከጎኑ ልጅ እምብዛም አያወጣም። የጉራጌና የሲዳማ ገበሬዎች የአሚቾውን (ከአፈር በታች ያለውን ድብልብል ግንድ) እምብርት፣ ማለትም የሚያድገውን ጫፍ፣ ፍቀው ያወጡና ከፍግ ጋር ይቀብሩታል። በአሥር የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጡ ቡቃያዎች ይወጣሉ። የሚነጠሉት ታዲያ ወዲያው አይደለም፤ ከእናታቸው እየተመገቡ ሥር ይሰዳሉ፣ ይጠናከራሉ፣ ከዚያ ይዛወራሉ፤ በኋላም ከአንድ ማሳ ወደ ሌላው እየተተከሉ ይደልባሉ። ዘንባባችንም እንዲሁ ነው፤ አሚቾው ግርጌው ነው፣ ፍጉ በግርጌው ዙሪያ የምንከምረው እርጥብ አፈር ነው፣ ማሳ መቀየሩም ከትንሽ ማሰሮ ወደ ትልቅ ማሸጋገር ነው። «እንግዲያው የዘንባባውንም እምብርት እንፍቀው?» የሚል ይኖራል። በፍጹም! የዘንባባ ግንድ የሚያድግበት ጫፍ አንድ ብቻ ነው፤ ያ ጫፍ ከጠፋ ግንዱ ይሞታል፣ እንደ አሚቾው በምትኩ ልጆች አይሰጥም። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ነው የሚያገለግለን።

ሁሉም ዘንባባ ደግሞ ቡቃያ አያወጣም። የማዳጋስካሩ አሬካና የደቡብ ቻይናው ራፒስ ያወጣሉ፤ ለሆሳዕና የምናውቀው የአገራችን ዘንባባም በቁጥቋጦ መልክ ይበቅላል። ከአውስትራሊያዋ የሎርድ ሃው ደሴት የመጣው ኬንቲያና የሜክሲኮና የጓቲማላው ቻሜዶሪያ ኤሌጋንስ ግን ባለ አንድ ግንድ ናቸው። ታዲያ በማሰሮው ውስጥ አምስት ስድስት ግንድ ከየት መጣ? አትክልተኛው ብዙ ፍሬ አንድ ላይ ስለዘራ ነው። በገበያ ላይ «ልጆች አሉት» እየተባለ የሚሸጠው ይኸው ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። አሬካ ራሱ ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ተሞልቶ ይሸጣል። ከማሰሮው አውጥታችሁ ግርጌውን በውኃ እጠቡት፤ ግንዶቹ ከአፈር በታች የማይገናኙ ከሆነ የያዛችሁት እናትና ልጅን ሳይሆን ጎረቤታሞችን ነው። እነሱን መለያየት ይቻላል፤ ማራባት ግን አይባልም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ሳይካስ ሥር አልባ ቡቃያው ተተክሎ ይጸድቃል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ሳይካስ ዘንባባ አይደለም፣ ዝምድናው ለጥድ ይቀርባል፤ ቡቃያውም በስታርች የታጨቀ ድብልብል ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1927 አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዋልተር ስዊንግል 11 የመጁል ተምር ቡቃያዎችን ከሞሮኮ ወደ አሜሪካ ወሰደ፤ 9ኙ ተርፈዋል (ሁለቱን ውሻ ቆፍሮ አወጣቸው ይባላል)። የእናት ዛፍ ሳይኖራቸው ውቅያኖስ ከተሻገሩ የእኛስ ከሳሎን ወደ በረንዳ ቢሻገር ምን ይሆናል? መልሱ በመጠኑና በዝግጅቱ ላይ ነው። የተምር ቡቃያ ከእናቱ ጋር ዓመታት ይቆያል፣ ሲነጠል ብዙ ኪሎ ይመዝናል፣ ጥንቁቅ ገበሬም ሥር እንዲይዝ አስቀድሞ አፈር ያለብሰዋል። የአሬካ ቡቃያ ይህ ሁሉ ስንቅ የለውም።

ሥር ሲቆረጥ የሚሆነውም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። በፍሎሪዳ ብሮሻትና ዶንሰልማን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተቆረጡ የኮኮናት ሥሮች ግማሽ ያህሉ እንደገና ሲያቆጠቁጡ የሳባል ዘንባባ ሥሮች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞተዋል፤ ሳባል ከግርጌው በአዲስ መጀመር ነበረበት። ስለዚህ ቢላዋው ወደ እናትየው ይጠጋ፤ ሥር ከልጁ ጋር ይቅር።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። በአዲስ አበባ ሞቃቱ ጊዜ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ይመረጣል። ማሰሮው ለሥሩ የሚበቃ ያህል ብቻ ይሁን፣ አፈሩ ውኃ የሚያሳልፍ፣ ቦታው ብርሃን ያለው ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው። ግርጌውን ከነበረበት ጥልቀት በታች አትቅበሩት። ማዳበሪያም አዲስ ቅጠል እስኪፈታ ድረስ አትስጡ፤ አሮጌው ቅጠል አረንጓዴ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም።