የካቲት በቆርቆሮ ሥር

የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን መንግሥት የአገሪቱን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ለሁለት ሳምንት ዘጋ። ምክትል የትምህርት ሚኒስትሩ ማርቲን ታኮ ሞዪ እንደተናገሩት፣ ጁባ ውስጥ በየቀኑ በአማካይ 12 ተማሪዎች በሙቀት ራሳቸውን ስተው ይወድቁ ነበር። ዓመት ቀደም ብሎ በመጋቢት 2016ም እንዲሁ ሆኗል። ያን ጊዜ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል ተብሎ ስለነበር ትእዛዙን ጥሶ ክፍት የተገኘ ትምህርት ቤት ምዝገባው እንደሚሰረዝ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። ሁለት ዓመት፣ በአንድ ወቅት፣ አንድ ዓይነት ውሳኔ። እኔ ይህን ድንገተኛ አደጋ ለማለት ይቸግረኛል።

የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ ጆሴፊን ናፕዎን ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣና ውኃ እንዲጠጣ መከሩ። ምክሩ በሕክምና ዓይን ጥሩ ነው። ሃይ ማላካልን በመሰሉ የጁባ የቆዩ ሰፈሮች ግን የብዙው ሰው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ኮርኒስ የለው፣ ማራገቢያ የሚያዞር መብራት የለው። ከቀትር በኋላ ቤት ውስጥ ከመቀመጥ ማንጎ ዛፍ ሥር መቀመጥ ይሻላል። ውኃውም በቦቴ መጥቶ በበርሜል ይሸጣል፤ ነጭ አባይ በከተማዋ ጥግ እየፈሰሰ ማለት ነው። ልጁ ከቆርቆሮ ክፍል ወጥቶ ወደ ቆርቆሮ ቤት ገባ። ለውጡ ትምህርቱ መቅረቱ ብቻ ነው። እዚያ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው የሚኖሩ ሐበሾችም ይህን ያውቁታል፤ ጓዳው ከምድጃው የማይተናነስበት ወቅት ነው።

መዘጋት ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም አገሪቱ ከፍላ አይታዋለች። በኮቪድ ምክንያት ከመጋቢት 2012 እስከ ሚያዝያ 2013 ድረስ ትምህርት ቤቶች 14 ወር ገደማ ተዘግተው ሲከፈቱ፣ ብዙ ልጃገረዶች አርግዘው ወይም ተድረው ነበር፤ ያልተመለሱትም ጥቂት አይደሉም። በዩኒሴፍ ግምት 2.8 ሚሊዮን ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጪ በሆኑበት አገር፣ ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ የሚታለፍ ጊዜ አይደለም። ምሳውን በትምህርት ቤት ምገባ የሚያገኝ ልጅ ደግሞ ትምህርቱም ምሳውም አብረው ይቀሩበታል።

መፍትሔ የጠቆመ አልጠፋም። መምህራን የትምህርት ካሌንደሩ ይቀየር፣ በየካቲት ተዘግቶ ዝናቡ ሙቀቱን በሚያበርድበት በሚያዝያ ይከፈት ሲሉ ጠይቀዋል። ለጁባ ልክ ናቸው። ግን ዝናብ ሲገባ ጆንግሌይ፣ ዩኒቲና አፐር ናይል በጎርፍ ይጥለቀለቃሉ፤ ጁባ ላይ ሙቀቱን የሚያበርደው ዝናብ እዚያ የልጁን መንገድ ይዘጋል። የጁባ ዩኒቨርሲቲው አብርሃም ኩዎል ካሌንደሩ እንደየግዛቱ የአየር ጠባይ ይውጣ ያሉት ለዚህ ነው፤ እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ለአሥር ግዛቶች አንድ የትምህርት ዘመን መቁረጥ ለሚኒስቴሩ ይቀላል፤ ለተማሪው ግን አይመቸውም።

እኛም ቤት ጉዳዩ አለ። በጋምቤላና በአፋር የመንግሥት ሠራተኛው በማለዳ ገብቶ ቀትር ላይ ረጅም እረፍት ይወስዳል፤ ቢሮው ፀሐይን ያከብራል። የትምህርት ዘመኑ ግን መስከረም ገብቶ ሰኔ የሚያልቀው በደጋው ክረምት ተሰፍሮ ነው። ጋምቤላ እጅግ የምትግለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ማለትም በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መሐል ነው። ከደቡብ ሱዳን ተሰደው በክልሉ መጠለያዎች የሚኖሩት ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች ልጆች ድንበር ተሻግረው ያገኙት ያንኑ ሙቀት ነው። የደጋ ሰው ካሌንደር ሲያወጣ ይህ አይታየውም፤ ብርድ እንጂ ሙቀት ትምህርት ያስቆማል ብሎ ማን ያስባል?

የደቡብ ሱዳን መንግሥት አቅም የለኝም ሊል ይችላል። የ2012 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ሕግ ከበጀቱ ቢያንስ 10 በመቶው ለትምህርት ይሁን ይላል፤ አፈጻጸሙ ግን ከዚያ እያነሰ ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. በሱዳኑ ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ማስተላለፊያው ቧንቧ ሲበጠስ ገቢው አሽቆለቆለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝም ለወራት ተቋረጠ። ደመወዝ ያላገኘ መምህር በ40 ዲግሪ ሙቀት ለምን አላስተማረም ብሎ መውቀስ ነውር ነው።

ቢሆንም ሁሉም ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን የአገሪቱን ሰዓት በአንድ ሌሊት በአንድ ሰዓት ወደኋላ መልሳለች። የአገር ሰዓት የመለሰ መንግሥት የደወሉንም ሰዓት መመለስ ይችላል፦ በጧት ጀምሮ ከቀትር በፊት መልቀቅ፣ የጠፋውን ክፍለ ጊዜ በቀዝቃዛው ወር ማካካስ፣ ይህንንም የካቲት ከመድረሱ በፊት ለወላጅ ማሳወቅ። ኮርኒስ፣ ሰፊ መስኮትና ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ ለሕንፃ የሚለግሱ ወገኖች አዲስ ክፍል ሲያሠሩ ግን ባዶ ቆርቆሮ አልቀበልም ማለት ምንም አያስወጣም። ዛፉማ ዘንድሮ ካልተተከለ፣ አሁን አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ ጥላውን ሳያይ ትምህርቱን ይጨርሳል።