ጆተኒው ለምን ይጮኻል? በይፋት ቆላ ስለ ሰበቃ፣ ስለ አቧራና ስለ ጥገና

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ለእንዲህ ያለ አዳራሽ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ተርባይን ወይም ስለ ድልድይ አልናገርም፤ የምናገረው ስለ ጆተኒ ነው። ከመካከላችሁ በልጅነቱ የጆተኒ እጀታ ጨብጦ የማያውቅ ጥቂት ሰው ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ ይህ የመንገድ ዳር ጨዋታ ስለ ሰበቃ፣ ስለ አካላት መበላትና ስለ ጥገና በክፍል ውስጥ የምናስተምረውን አብዛኛውን ነገር በአንድ ሣጥን ውስጥ ይዟል።

ወደዚህ ርእስ የመራኝ በሸዋ ሮቢት ያጋጠመኝ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ወጣት የሚተዳደርበትን ጆተኒ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲያጠጣው አየሁ። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ጩኸቱ ጎረቤት አስመረረ። ዘይት ሳጠጣው ዝም ይላል፤ በሳምንቱ ግን ብሶበት ይመጣል» አለኝ። አንዱን ዘንግ አብረን አውጥተን ስናይ፣ ዘንጉ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ተበልተው ሞላላ ሆነዋል፤ ዘንጉም በተመላለሰበት ርዝመት ሁሉ ተቦጫጭሯል። ደንበኞቹም ዘንጉ ወደማይከብድበት ወደ ሌላ ጆተኒ መሄድ ጀምረው ነበር። መድኃኒት ብሎ ያፈሰሰው ነገር የዕለት እንጀራውን እየበላበት ነበር። ይህ ለምን ሆነ?

አስቀድመን መሣሪያውን እንየው። የጠረጴዛ እግር ኳስ በፓተንት መዝገብ ውስጥ ቀደም ብለው ከሚገኙት አንዱ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሰርልስ ቶርንተን እ.ኤ.አ. በ1921 አመልክቶ በ1923 ያገኘው ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው ስም ጣልያኖች ለመጫወቻ ማሽን የሚከተተውን ጠገራ ከሚጠሩበት «ጀቶኒ» ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል። በተለመደው አሠራሩ 8 ዘንጎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ወገን 4። በዘንጎቹ ላይ በድምሩ 22 ተጫዋቾች ይታሰራሉ። እያንዳንዱ ዘንግ በሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ላይ ባሉ ቀለበቶች፣ በባለሙያዎች አፍ ቡሽንግ በሚባሉት፣ ውስጥ ያልፋል። በዚያም ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ ያደርጋል፤ ይገፋል፣ ይሳባል፤ እንዲሁም ይሽከረከራል። ጩኸቱ በአብዛኛው የሚወለደው ዘንጉና ቀለበቱ በሚገናኙበት በዚህ ጠባብ ቦታ ነው።

አወላለዱን ለመረዳት ማሲንቆን አስቡ። የማሲንቆ ደጋን ጭራ ክሩን ለቅጽበት ይዞት ይሄዳል፤ የክሩ ውጥረት ሲበረታ ክሩ ያመልጣል፤ ወዲያው ደግሞ ይያዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ ሲደጋገም ለጆሯችን ዜማ ይሆናል። ምክንያቱም የቆመን አካል ለማስነሣት የሚያስፈልገው ኃይል፣ የተነሣውን አካል ለማንቀሳቀስ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። የደረቀ ወይም የቆሸሸ ዘንግም በቀለበቱ ውስጥ እንዲሁ ይያዛል፣ ያመልጣል፤ ሲጥ ይላል። የማሲንቆ ባለሙያ ደጋኑን በሙጫ የሚያሸው መያዙ እንዲጠነክር ነው፤ እኛ በጆተኒው የምንሻው የዚያን ተቃራኒ ነው። ደግሞም የማሲንቆው ሣጥን የክሩን ንዝረት እንደሚያጎላ ሁሉ፣ ባዶው የጆተኒ ሣጥን የትንሿን ቀለበት ሲጥታ ተቀብሎ ለሰፈሩ ያሰማል።

አሁን ወደ አካባቢው እንመለስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥተን ጣርማበርንና ደብረ ሲናን አልፈን ስንወርድ፣ ሸዋ ሮቢት የምትገኘው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ቁልቁለት አየሩ ብቻ ሳይሆን የጥገናው ደንብም ይለወጣል።

ብዙ ሰው «ሙቀቱ ብረቱን አሳብጦት ነው» ይላል። እስቲ እናስላው። ብረት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ከመጠኑ ከሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይጨምራል። ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ከማለዳ እስከ ቀትር በ20 ዲግሪ ቢሞቅ፣ የሚወፍረው 0.004 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ስለሆነ ብረቱን መክሰስ አይቻልም። የናይለን ቀለበት ግን ከብረት ስድስት ሰባት እጥፍ ይለጠጣል፤ እንጨት ውስጥ ታፍኖ ስለተቀመጠም ወደ ውስጥ ሊጠብ ይችላል። እንጨቱ ራሱም በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ በበጋ ይደርቃል። ግድግዳው በጠመመ ጊዜ ትይዩ የነበሩት ሁለት ቀዳዳዎች ይዛነፋሉ፤ ዘንጉም በቀለበቶቹ ጠርዝ ላይ ተጫኖ ይፋተጋል።

ሁለተኛው ተጠያቂ አቧራ ነው። ከሸዋ ተረተር የሚወርዱት ወንዞች ወደ ይፋት ሜዳ የሚያመጡት አፈር ከባዛልት ዓለት የተፈጨ ነው። በባዛልት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፌልድስፓር የተባለው ማዕድን በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 6 ገደማ ሲሆን፣ ተራ ብረት በ4 እና በ5 መካከል ነው። ስለዚህ የአቧራው ቅንጣት ብረቱን ይቧጭራል። እርጥብ ዘይት ይህን አቧራ አጥምዶ ይይዘዋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ በቀለበቱ ውስጥ ያለው ማለስለሻ መሆኑ ቀርቶ መሳያ ይሆናል። የወጣቱ ዘይት ጩኸቱን ያጠፋው ለሳምንት ነበር፤ መበላቱን ግን ያፋጠነው በየቀኑ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው ጥገና የሚጀምረው ከመስማት ነው። አንድ ዘንግ ብቻ በዝግታ አንቀሳቅሱ። ሳታሽከረክሩ ስትገፉት ሲጥ ካለ፣ ችግሩ ድርቀት፣ ቆሻሻ ወይም የቀዳዳዎች መዛነፍ ነው። ሳትገፉ ስታሽከረክሩት በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ከከበደ፣ ዘንጉ ጎብጧል። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ኳ ካለ፣ ግጭቱን የሚያበርደው ጎማ አልቋል። ኳሱ ሲመታ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ደግሞ ተጫዋቹን ከዘንጉ ጋር ያሰረው ቪት ወይም ዳዶ ላልቷል።

ቀጥሎ ጠረጴዛውን በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ በአንድ እግሩ የተንጋደደ ጆተኒ ግድግዳውም ይጠማል። ዘንጉን አውጥታችሁ በተቃራኒ ቀዳዳዎቹ መካከል ሲባጎ ወጥሩ፤ ሲባጎው ከሁለቱም ቀዳዳዎች መሐል ካላለፈ ዘይት አያድነውም። ዘንጉንና ቀለበቱን ላምባ በነካ ጨርቅ፣ ከእሳት ርቃችሁ፣ አሮጌው ዘይት እስኪለቅ ጥረጉና አድርቁ። ዝገት ካለ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ከዚያ በኋላ ደረቅ ማለስለሻ ተጠቀሙ። የሲሊኮን ርጭት ከተገኘ በስሱ ተቀብቶ ይወልወላል፤ ካልተገኘ የእርሳስ ውስጠኛው ጥቁር፣ ማለትም ግራፋይት፣ ተፈጭቶ ይታሻል፤ እጅ እንዳያጠቁር ትርፉ ይጠረጋል። ሻማም ያገለግላል፤ ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ዘንግ ላይ ይለሰልስና እንደ ዘይቱ አቧራ ይስባል። ግራሶን ለዚህ ቦታ አልመክርም። ለሚጋጨው ጫፍ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ የጎማ ቀለበት ይበቃል። የተበላው ቀለበት ግን መለወጥ አለበት፤ ቶርኖ ያለው ባለሙያ ከናይለን ሲያወጣው፣ ማለዳ ልክ የሆነው ቀትር ላይ እንዳይጠብ ጥቂት ክፍተት ይተውለት።

በወጣቱ ጆተኒ ላይ ይህንኑ ሞከርን። ጥቂቶቹ ዘንጎች በማጽዳት ብቻ ዝም አሉ፤ የተቀሩት አዲስ ቀለበት የሚሹ ነበሩና ማጽዳቱ አላዳናቸውም። ቀደም ብሎ ጩኸቱን የሚሰማለት ሰው ቢያገኝ ኖሮ እነርሱም በተረፉ ነበር።

ተማሪዎቼ ይዛችሁት እንድትሄዱ የምፈልገው ይህንኑ ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ጩኸት መሣሪያው ሕመሙን የሚናገርበት ቋንቋ ነው። ሳንሰማ ዝም ያሰኘነው መሣሪያ ሳይናገር ያልቃል። ነገ ከጆተኒ የሚበልጥ ማሽን በእጃችሁ ሲገባ፣ የዘይት ጣሳውን ከማንሣታችሁ በፊት ጆሯችሁን አቅርቡ።