የጋሪ ፈረስ ሲንከባለል «እስኪነጋ» አትበሉ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ጋሪ ፈረስ ነው። «ዶክተር የእንስሳት ሐኪም ሆኑ እንዴ?» እንዳትሉኝ፤ አልሆንኩም። ግን አንድ ዕዳ አለብኝ።

አንድ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ እዚሁ መልካሳ፣ የሰፈራችን ባለጋሪ በሬን አንኳኩ። «ዶክተር ልጄ፣ ፈረሴ ሆዱን አሞት መሬት ላይ ይንከባለላል። አንድ የማስታገሻ መርፌ አይገኝም?» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ ይሄ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው፤ ጠዋት ይውሰዱት» ብዬ ሸኘኋቸው። ጎረቤት ተሰብስቦ ዘይትና አረቄ አጠጣው። እኩለ ሌሊት ላይ ፈረሱ ፀጥ አለ። «ተሻለው» ብለው ተኙ። ሲነጋ ሞቶ አገኙት። የቤቱ ቀለብም የልጆቹ ደብተርም የሚገዛው በዚያ ፈረስ ነበር።

የእንስሳት ሐኪም የሆነ ጓደኛዬን ስጠይቀው ስህተቴ ገባኝ። መርፌ አለመስጠቴ ልክ ነበር። ስህተቱ «ጠዋት» ማለቴ ነው።

የሆድ ቁርጠት ፈረስን ለምን ይገድላል?

እኛ ሆዳችን ሲታወክ እናስመልሳለን። ፈረስ ግን ማስመለስ አይችልም። ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወስደው በር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አያሳልፍም። ጨጓራው ደግሞ ለዚያ ግዙፍ ሰውነት ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። ምግብ ወይም ጋዝ ሲጠራቀም መውጫ ስለሌለው ጨጓራው ሊፈነዳ ይችላል። ሲፈነዳ ውጥረቱ ስለሚቀንስ ፈረሱ ለጥቂት ጊዜ የተሻለው ይመስላል። ያቺ የሌሊቷ ፀጥታ ይቺ ሳትሆን አትቀርም። ረጅሙ አንጀቱም ሊጠማዘዝና ደም ሊቋረጥበት ይችላል። ያኔ ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው።

መንስኤው ብዙ ነው፦ ደረቅ ጭድ በልቶ ውሃ ማነስ፣ በድንገት ብዙ እህል ወይም ፉርሽካ መብላት፣ የሆድ ትላትል፣ በከተማችን ደግሞ ከቆሻሻ ጋር የሚዋጥ ፌስታል።

ምልክቶቹ

በፊት እግሩ መሬት ይጭራል፣ ዞር እያለ ሆዱን ያያል፣ ይተኛል ይነሳል፣ ይንከባለላል፣ ሳይሠራ ያልበዋል፣ መኖ እምቢ ይላል፣ ፋንድያ መጣል ያቆማል።

ቪዲዮ ለመቅረጽ ስልክ ያወጣችሁ ሰዎች፣ ሰዓት መቁጠሪያውንም ክፈቱት። ፈረሱ ከተረጋጋ ብቻ፣ ከመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር በጣታችሁ ዳስሳችሁ ቁጠሩ። ጤነኛ ፈረስ እረፍት ላይ ሆኖ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ ከ60 በላይ ከሆነ አደገኛ ነው። ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ነው። ድዱን ተጭናችሁ ስትለቁ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ቀለሙ ካልተመለሰ ወይም ድዱ ከጠቆረ ደም ዝውውሩ ተዳክሟል ማለት ነው። ቁጥሩንና ቪዲዮውን ለእንስሳት ሐኪሙ ላኩ፤ ከቲክቶክ ይልቅ እዚያ ይጠቅማል።

ምን እናድርግ?

1. ወዲያው፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።
2. ከጋሪው ይፈታ፣ መኖው ይነሳ።
3. በአፉ ምንም አታጠጡት፤ ዘይትም አረቄም። ታግሎ ወደ ሳንባው ከገባ ሌላ ገዳይ በሽታ ይሆናል። ሐኪሙ ካስፈለገ በአፍንጫው በኩል ቱቦ ወደ ጨጓራው አስገብቶ ያስተነፍሰዋል።
4. የሰው መድኃኒት አትውጉት። ከፋርማሲ የተገዛ ዲክሎፌናክ ሕክምና አይደለም።
5. ቀስ እያደረጉ ለ10 ደቂቃ ያህል ማንሸራሸር ይቻላል፤ እስኪደክመው መንዳት ግን አይቻልም። የሚንከባለል ፈረስ አጠገብ አትቁሙ፤ የሚሰበረው የእናንተ እግር ነው።

የቆላው ሙቀት

ከመልካሳ እስከ አዳማ ያለውን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ጋሪ እየጎተተ የሚንገዳገድ፣ በኃይል የሚተነፍስ፣ ወይም በዚያ ሙቀት ማላቡን ያቆመ ፈረስ ሙቀት መትቶታል። እንደ ሰው ነው፦ ጥላ ሥር አቁሙት፣ መላ አካሉ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሳታቋርጡ አፍስሱ፣ መጠጣት ከፈለገም ይጠጣ። «የሞቀው ፈረስ ውሃ ከጠጣ ይሞታል» የሚባለው ብዙ ፈረስ ያስጠማ ወሬ ነው።

ለእናንተም የሚተርፉ ሁለት በሽታዎች

የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ፈረስም ይይዘዋል። ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ፈረስ «አንቆት ነው» ተብሎ እጅ አፉ ውስጥ አይገባም። ከነከሳችሁ ወይም ለሃጩ ቁስል ከነካ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ለማለት ይቀላል፤ ክትባቱ ቀድሞ ከተጀመረ ግን ሕይወት ያተርፋል።

ሁለተኛው መንጋጋ ቆልፍ ነው። ይሄ ከፈረስ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጀርሙ ግን አፈርና ፋንድያ ውስጥ አለ። ሰኮናው ሚስማር የወጋው ፈረስ ከቀናት በኋላ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ጆሮው ከቆመ፣ አፉን መክፈት ካቃተው ጨለማና ፀጥ ያለ ቦታ አኑሩትና ሐኪም ጥሩ። ባለጋሪውስ? ባዶ እግሩን ሚስማር የሚረግጠው እሱም ነው። የራሳችሁን ክትባት ጠይቁ።

«እኔ ፈረስ የለኝም» ለምትሉ፣ ጋሪ ትሳፈራላችሁ፣ ጤፋችሁም በጋሪ ይጫናል። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ በአቅራቢያችሁ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ስልክ ከወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ በማታ የሚመጣው ማን እንደሆነም ጠይቁ። ለምታውቁት ባለጋሪም ስጡት። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ከአዳማ ሩቅ አይደለም።

እኔ ያንን ስልክ ያን ምሽት አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ ባለጋሪው ጋሼም አላቸው።

ለባለጋሪ ወዳጆቻችሁ አንብቡላቸው፣ ሼር አድርጉ። መልካም ጤና!