በመርፌና በመርፌ መካከል ያሉት 21 ቀኖች

በአገራችን ሰው «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል የሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ዛሬ «ካንሰር» የሚለው የውጭ አገር ስም ቢለመድም አነጋገራችን አልተለወጠም፤ «ያ በሽታ ነው አሉ» እንባባላለን። የታመመው ሰው ራሱ ስሙን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከሁሉ በኋላ ነው። ሐኪሙ ባልን ለብቻው ጠርቶ ይነግረዋል፤ ባል ለሚስቱ ወንድሞች ይነግራል፤ ወንድሞቿም «ለእርሷ እንዳይነገር፣ ትደነግጣለች» ብለው ይማማላሉ። ከዚህ በኋላ ሴትዮዋ ለማታውቀው በሽታ የማታውቀውን መድኃኒት ትወስዳለች።

ስለ በሽታው ራሱ በራዲዮንም በጋዜጣም ብዙ ይነገራል። እኔ ለመጻፍ ያሰብሁት ብዙም ስለማይነገርለት ነገር ነው፤ ይኸውም ባለቤቱ በኬሞቴራፒ የምትታከም ሰው ቤቱ ውስጥ ምን ይጠብቀዋል የሚለው ነው። ባልዋ የሚታከም ሚስትም ብትሆን ነገሩ ያው ነው። መድኃኒቱ በሆስፒታል የሚሰጠው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ ሥቃዩ የሚመጣው ግን ቤት ከተገባ በኋላ፣ ሐኪምም ነርስም በሌሉበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት አጠገቧ ያለው የትዳር ጓደኛዋ ብቻ ስለ ሆነ፣ ታግሠው የሚያሳልፉትን ሕመም በሌሊት ተሸክመው ከሚሮጡበት ሕመም ለይቶ ማወቅ የእርሱ ፈንታ ይሆናል።

ለመሆኑ የሚያድን መድኃኒት ስለ ምን እንዲህ ያሠቃያል? መልሱ ከእኛው ታሪክ ጋር የሚገናኝ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በወገኖቻችን ላይ ያዘነቡትን የመርዝ ጋዝ የማያውቅ ተማሪ የለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ጄኔቭ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ሲሉ የገለጹት ይህንኑ ግፍ ነበር። ያ መርዝ ቆዳን በማቃጠል ብቻ አይወሰንም፤ ወደ ሰውነት ሲዘልቅ ደም የሚሠራበትን የአጥንት መቅኒ ይጎዳል። በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የዚህ መርዝ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ናይትሮጅን መስተርድ በንፍፊት ነቀርሳ ለታመመ አንድ ሰው በደም ሥሩ ሰጡት። እብጠቱ በጥቂት ቀን ሟሸሸ። በሽታው ተመልሶ ሰውየው ቢሞትም መንገዱ ተከፈተ። በኅዳር ወር 1936 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመኖች በኢጣልያ የባሪን ወደብ በቦምብ ሲደበድቡ፣ ጆን ሃርቪ የተባለው የአሜሪካ መርከብ በምሥጢር ጭኖት የነበረው የመርዝ ቦምብ ፈነዳ። ስቱዋርት አሌክሳንደር የተባለው ወታደራዊ ሐኪም ቁስለኞቹን ሲመረምር የነጭ ደም ሴሎቻቸው እጅግ ቀንሰው አገኘ። ዛሬ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ለጡት ነቀርሳ የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው መድኃኒት የዚያው የናይትሮጅን መስተርድ ልጅ ነው።

ይህን የተረክሁት አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም። መድኃኒቱ ወዳጅና ጠላትን አይለይም፤ የሚያሳድደው ፈጥኖ የሚራባውን ሴል ነው። ነቀርሳ ፈጥኖ ይራባል። ነገር ግን የጠጕር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ የአጥንት መቅኒም ፈጥነው ይራባሉ። ስለዚህ ጠጕር ይረግፋል፣ አፍ ይቆስላል፣ ሆድ ይታወካል፣ ደም ያንሳል። ጤነኛው ሴል ተመልሶ እንዲያገግም ጊዜ መስጠት ስለሚያስፈልግ ነው በአንዱ መርፌና በሌላው መካከል ብዙ ጊዜ 21 ቀን የሚተወው። ይህን ያላወቀ ባል ሚስቱ ስትደክም ባየ ጊዜ «መድኃኒቱ እየገደላት ነው» ብሎ ሕክምናውን ያስቋርጣል።

አንድ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ባለቤቱ የታመመችው በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉ አብልጦ በሚታየው በጡት ነቀርሳ ነው። ወንድሞቿ እንደ ልማዱ «አይነገራት» ቢሉም፣ እርሱ ግን ሐኪሙን አስፈቅዶ ሦስቱም በአንድ ክፍል ተቀምጠው እንዲነገራት አደረገ። እኔ ትክክል አደረገ እላለሁ። የበሽታዋን ስም የማታውቅ ሴት ስለ ሕመሟ እንዴት ትናገራለች? ከዚያ አንድ ደብተርና አንድ ቴርሞሜትር ገዛ። መርፌ የተሰጠበትን ቀን «1» ብሎ ጽፎ እስከ 21 ድረስ በየቀኑ የበላችውን፣ የሙቀቷን ልክ፣ ያመማትን ሁሉ መዘገበ። ብዙው የማወራው ከዚያ ደብተር ያየሁት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ሽንቷ ቀላ። ሰምታ ባትጠብቀው ኖሮ «ደም ሸናሁ» ብላ በጮኸች ነበር። ነገር ግን ነርሷ አስቀድማ ነግራቸዋለች፤ ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት ራሱ ቀይ ስለ ሆነ ሽንትን አንድ ሁለት ቀን ያቀላል። በእነዚያ ሁለት ቀኖች ትውከትም ሆነ ሽንት የሚያጸዳ ሰው ጓንት ማድረግ ይገባዋል።

እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ማቅለሽለሽ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት መድኃኒቱን ካስመለሳት በኋላ መስጠት ነው፤ የማቅለሽለሽ መከላከያው በታዘዘው ሰዓት፣ ሳያማት በፊት መዋጥ አለበት። ሁለተኛው ጠላት ሽታ ነው። ሽንኩርትና በርበሬ ሲቁላላ፣ ቡና ሲቆላ፣ ሌላ ጊዜ ደስ የሚያሰኘው ሽታ ያን ጊዜ አንጀት ይገለብጣል። ወዳጄ የከሰል ምድጃውን ወደ ግቢው አወጣው። ጎረቤቶቹ ወንድ ልጅ ደጅ ቁጭ ብሎ ሲያማስል አይተው ሳቁ። ይሳቁ! ስለ ፈረንሳይ አብዮት ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ የሚያወራ የተማረ ወጣት አንድ ስኒ አጥሚት ማማሰል ሲሳነው ነው የሚያሳፍረው።

የምግብ ነገር ከተነሣ፣ የእኛ ፍቅር የሚገለጸው በማስገደድ ነው። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይህችን ብቻ» እያልን እንጎርሳለን፣ እናጎርሳለን። ለሚያቅለሸልሻት ሴት ይህ ቅጣት ነው። የጎረሰችውንም ታስመልሳለች፣ ከዚያም ምግቡን ባየችው ቍጥር ይዘገንናታል። በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት፣ ትኩስ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ፣ በርበሬ የሌለበት አልጫ፣ ገንፎ፣ የተቀቀለ ዕንቍላል፣ እሱንም ካልፈለገች ውሃ ብቻ። አፏ ሲቆስል በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በቀን ብዙ ጊዜ እንድትጉመጠመጥ ማድረግ ነው። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስ አይታሰቡም።

አሁን ወደ ከባዱ እመጣለሁ። ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ በሽተኛዋ ደኅና የሆነች ትመስላለች። ማቅለሽለሹ ትቷታል፣ ትስቃለች፣ ጠያቂ ይበዛል። ዳሩ ግን ነጭ የደም ሴሎቿ እጅግ የሚያንሱት በእነዚህ ቀኖች ነው። ነጭ የደም ሴል የሰውነት ወታደር እንደ ሆነ በትምህርት ቤት አስተምረናል፤ ወታደሩ በሌለበት ከተማ ትንሹም ሽፍታ ይገባል። ስለዚህ ወዳጄ በዚህ ሳምንት በር ላይ ቆሞ የሚያስነጥሰውንና የሚያስለውን ጠያቂ በትሕትና ይመልስ ነበር። የተቀየመ ዘመድ አልጠፋም።

በሁለተኛው ዙር፣ በዐሥረኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ አላት። እናቷ ግንባሯን ዳስሰው «ምች ነው፤ ዳማከሴ ጨምቄ ልስጣት» አሉ። ወዳጄ በቴርሞሜትር ለካ፤ 38.4 ሆነ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ምች አይደለም» ብሎ ታክሲ ፍለጋ ወጣ። ትኩሳቱን የሚያበርድ ክኒን እንኳ አልሰጣትም፤ ክኒኑ ሙቀቱን ይደብቀዋል እንጂ በደም ውስጥ ያለውን ጀርም አይገድለውም። ከደረሱበት ሆስፒታል በር ላይ የነበረው ሰው፣ ሆስፒታሉን አልጠራውም፣ «ለትኩሳት ነው በዚህ ሌሊት? ነገ ካርድ አውጡ» አላቸው። ወዳጄም አስቀድሞ እንደ ተማረው፣ «ኬሞ ከወሰደች ዐሥረኛ ቀኗ ነው፣ ሙቀቷ 38.4 ነው፤ ተረኛው ሐኪም ይምጣልኝ» አለ። ሐኪሙ ያቺን ዐረፍተ ነገር እንደ ሰማ ሌላ አልጠየቀም። አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ ወዲያው ተጀመረላት፤ ስድስት ቀን ተኝታ ወጣች። እስከ ጧት ቢቆይ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ሐኪሙ ለወዳጄ ነግሮታል፤ ለእርሷ ግን እስካሁን አልነገራትም፤ ከደበቃት ነገር ሁሉ ይህ ብቻ ነው።

የምታነበው ሁሉ ቢጠፋህ ይህን አንዱን ያዝ፤ ኬሞ የወሰደ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ወደ ሆስፒታል ነው።

ጠጕሯ መርገፍ የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ነው። በአገራችን ሴት ጠጕሯን የምትላጨው ሐዘን ሲደርስባት ነው፤ ስለዚህ መላጣ ሆና የታየች ሴት «ማን ሞተባት?» ትባላለች። አንዲት ሴት በሕይወት እያለች የራሷን ሐዘን ለብሳ በሰፈር ማለፍ ምን እንደሚመስል ወንዶች አናውቀውም። ወዳጄ ሳይረግፍ በፊት ሁለት ሻሽ ገዝቶ ነበር። ትራሱ ላይ ጠጕር በታየበት ጧት «ቁረጥልኝ» ያለችው ራሷ ናት፤ በመቀስ ቆረጠላት። እርሱም የራሱን ተላጭቶ መሥሪያ ቤት ሲሄድ ጓደኞቹ «ነፍስ ይማር» አሉት ብሎ ስቆ አጫወተኝ።

በኋለኞቹ ዙሮች መድኃኒቱ ተለውጦ ፓክሊታክሰል ሲሆን ማቅለሽለሹ ቀነሰ፤ በምትኩ ጣቶቿና እግሮቿ ደነዘዙ። የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት፣ የጋለ ድስት ይዛ እጇ እስኪቃጠል አልተሰማትም። እንዲህ ያለውን ነገር ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ የመድኃኒቱን ልክ ሊቀንሰው ይችላልና። ብዙዎች ግን «ሕክምናውን እንዳይከለክሉኝ» ብለው ይደብቃሉ።

ስለ ጾምና ስለ ጸበል ክርክር የማይነሣበት ቤት ጥቂት ነው። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸና የንስሐ አባቷ ራሳቸው ነገሯት። ጸበሉንም አልተወችም። የተወችው ሰፈርተኛው የሚያመጣውን ሥርና ቅጠል ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር ተቀላቅሎ በጉበት ላይ የሚያደርሰው አይታወቅምና።

አንድ ነገር አለ፣ በአማርኛ መጽሔት ሲጻፍ አላየሁትም። በሕክምናው ወራት የወር አበባ ይቋረጣል፣ የሴቲቱም ፍላጎት ይቀዘቅዛል። ባል «ጠላችኝ» እንዳይል፣ ሚስትም «ሊተወኝ ነው» ብላ እንዳትፈራ ሁለቱም በግልጥ መነጋገር አለባቸው። የወር አበባ ቀረ ማለት እርግዝና አይኖርም ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ መከላከያ ያስፈልጋል። የትኛው እንደሚስማማ ሐኪሙን መጠየቅ ነው፤ ማፈሩ አያዋጣም።

ባልስ? ወዳጄ በስድስት ወር ውስጥ ከስቶ ልብሱ ሰፋው። አለቃው «ሚስትህ ስንት ጊዜ ትታመማለች?» እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ያተረፈው ዕድሩ ነው፤ ሁለት ጎረቤቶች በየሳምንቱ ሐሙስና እሑድ አብረዋት ሲቀመጡ እርሱ ይተኛ ነበር። ከክፍለ ሀገር የሚመጡት ግን ይህም የላቸውም። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአካባቢው ፌስታል ይዘው፣ ጋቢ ለብሰው፣ ከሚስታቸው ጋር ተራ የሚጠብቁ ገበሬዎችን ማየት የተለመደ ነበር። ለእነርሱ በሌሊት 38 ዲግሪ ሲሞላ የሚሮጡበት ታክሲ ቀርቶ የሚተኙበት ቤትም ችግር ነው።

ስምንተኛው መርፌ ካለቀ ዓመት ሊሞላው ነው። ጠጕሯ ከቀድሞው ይልቅ ተጠቅልሎ በቀለ። የጣቶቿ መደንዘዝ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፤ ታሞክሲፌን የተባለውን ክኒን ደግሞ በየቀኑ ለዓመታት ትውጣለች። ባለፈው ወር ደብተሩን እንዲያውሰኝ ስጠይቀው ሰጠኝ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ከቤት የለም። ተራ ሲጠብቁ ለተዋወቁት ከደብረ ብርሃን ለመጣ አንድ ሰው አውሰውታል፤ የእርሱ ባለቤት ሁለተኛ መርፌዋን የምትወስደው ሰኞ ነው።