ሆዱን የሚነፋው ትንሽ ዓሣና የመስተዋት ቤቱ

ከሥራ ሲመለሱ ዐይንዎን የሚያሳርፉበት አንድ የመስተዋት ገንዳ በሳሎንዎ ለማኖር አስበው እንደ ሆነ፣ ዛሬ የምናስተዋውቅዎ ዓሣ በመጠን ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙ የማይበልጥ፣ በጠባይ ግን ትልልቆቹን የሚያስንቅ ነው። በእንግሊዝኛ ፓፈር ይሉታል፤ ነፊ ማለት ነው። በደነገጠ ጊዜ ውሃ እየዋጠ ሆዱን እንደ ኳስ ስለሚነፋ ይህ ስም ወጣለት።

የፓፈር ወገን አብዛኛው በባሕር የሚኖር ሲሆን፣ ይህኛው ግን ዕድሜውን ሁሉ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ነው። አገሩ ደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በተለይም የኬራላ ወንዞች ናቸው። ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1941 ሲመዘግቡት በዚያን ጊዜ በነበረው በትራቫንኮር ግዛት ስም ጠሩት። ርዝመቱ 3 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ዐይኖቹ እንደ እስስት ዐይን ለየብቻ ስለሚዞሩ፣ በአንዱ ቀንድ አውጣውን ሲያድን በሌላው እርስዎን ይመለከትዎታል።

ብዙ ሰው ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን ይገዛል፤ ሳምንት ሳይሞላም ዓሣው ይሞትበታል። ያን ጊዜ «ደካማ ዓሣ ነበረ» ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከዓሣው እዳሪና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ውሃውም ጥርት ብሎ እየታየ ዓሣውን ይገድለዋል። ይህን መርዝ የሚያጠፉ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እርሱም መርዝ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ጕዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ያደርሱታል። ባክቴሪያዎቹ በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ሰፍረው እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ገንዳውን ሞልተው፣ ማጣሪያውን አስነሥተው፣ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣሉ ያለ ዓሣ ይጠብቁ፤ በመመርመሪያው ጠብታ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ብቻ ዓሣውን ያስገቡ። የመሥሪያ ቤት ፋይል የለመደ ሰው አንድ ወር መታገሥ የሚያቅተው አይመስለንም።

ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጅብዎታል። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ መጭመቅ ይበቃል። በየሳምንቱም የገንዳውን ሩብ ያህል ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ይለውጡ።

ዓሣው የሚስማማው ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ ሌሊቷ ያለ ማሞቂያ አይሆንለትም። በዚህ ከፍታ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅንም ያነሰ ስለ ሆነ፣ ማጣሪያው የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ ያድርጉ። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እስኪመለስ ድረስ ምግብ አይስጡ።

ስለ ምግብ ከተነሣ፣ ደረቁን ብናኝ ብዙ ጊዜ አይነካውም። የሚወደው ሕያው ነገር ነው፤ ይልቁንም ትንንሽ ቀንድ አውጣ። ጥርሶቹ አራት ሆነው እንደ ወፍ መንቈር የተጋጠሙ ናቸው፤ ዕድሜውን ሁሉ ስለሚያድጉም የቀንድ አውጣው ቅርፊት ይሞርድለታል። ቀንድ አውጣውን በሌላ ማሰሮ ማርባት ቀላል ነው። የትንኝ ዕጭም ይበላል፤ ነገር ግን በግቢ ትንኝ ማርባት ከጎረቤት ያጣላል።

ከሌላ ዓሣ ጋር አያኑሩት፤ ክንፉን ይነጭበታል። ወንዶቹም እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ለአንዱ 20 ሊትር ውሃ ይበቃዋል፤ ብዙ ለማኖር የፈለጉ እንደ ሆነ ግን ገንዳው ሰፊ ሆኖ ዕፀዋት የበዙበት፣ ከወንዱ ይልቅ ሴቶቹ የሚበዙበት ይሁን። ወንዱ በሆዱ ላይ ባለው ጥቁር መስመር ይታወቃል።

ሆዱን ሲነፋ ለማየት ብሎ ማስደንገጥ ጭካኔ ነው። ከውሃ ሲወጣ አየር ሊውጥ ስለሚችል፣ ሲያዛውሩት በመረብ ሳይሆን ከነውሃው በጽዋ ይቅዱት።

በሚገዙበት ጊዜ ስሙን አጣርተው ይጠይቁ። በናይልና በቱርካና ሐይቅ የሚገኘው ፓፈር በሕፃንነቱ ትንሽ መስሎ ይሸጣል፤ ሲያድግ ግን ከ40 ሳንቲሜትር ያልፋል። የሕንዱን ትንሽ ዓሣም የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተጋለጡት መካከል መዝግቦታል፤ ለገበያ ተብሎ ከወንዙ ብዙ ይጠመዳልና። በገንዳ ውስጥ በሣር መካከል ዕንቍላል ጥሎ የሚራባ ስለ ሆነ፣ ከወንዝ የመጣውን ትተው በገንዳ የተወለደውን ይምረጡ። ሆዱ የጎደጎደውን አይውሰዱ፤ ብዙ ጊዜ የአንጀት ትል ያለበት ነው። ሻጩ ፊትዎ እንዲመግበው ይጠይቁና ሲበላ አይተው ይግዙ።